«ዎልፈን» (1981)፦ ፖሊስ የሚነቃው ማን ሲሞት ነው?

ጨለማ አዳራሽ ጻፈ፦

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ፊልሙን ላላያችሁ አስቀድሜ ላሳስብ፤ ታሪኩን እስከ ፍጻሜው አነሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ተኩላ ፊልሞች በተወራ ቁጥር 1981 ይነሳል፤ የሚነሳው ግን ለሁለት ፊልሞች ብቻ ነው። «ዘ ሃውሊንግ» በሚያዝያ ወጣ፣ «አን አሜሪካን ዌርዎልፍ ኢን ለንደን» በነሐሴ። ሁለቱም ሰው ቆዳው ተወጥሮ፣ አገጩ ረዝሞ፣ ጣቱ ጥፍር አውጥቶ ወደ አውሬ ሲለወጥ አሳዩን። የኋለኛው ለሜካፕ ባለሙያው ለሪክ ቤከር ኦስካር አስገኘለት። በመካከላቸው በሐምሌ የወጣው «ዎልፈን» ግን ሰው ወደ ተኩላ ሲለወጥ የሚታይበት አንድም ትዕይንት የለውም። ተመልካቹ የጠበቀውን አላገኘምና ፊቱን አዞረበት፤ ገቢውም ወጪውን ሳይሸፍን ቀረ።

እኔ ደግሞ የምወደው በዚሁ ምክንያት ነው። ታሪኩ እንዲህ ይጀምራል። በኒውዮርክ ድሃ ሰፈር በደቡብ ብሮንክስ ፍርስራሽ ላይ ማማዎች ሊያስገነባ የተነሳ ክሪስቶፈር ቫን ደር ቪር የተባለ ባለሀብት፣ ሚስቱና ጠባቂው በሌሊት ባተሪ ፓርክ ውስጥ ይገደላሉ። የጠባቂው እጅ ሽጉጡን እንደጨበጠ ከክንዱ ተለይቶ ይወድቃል። የአስከሬን መርማሪው ቁስሉን ሲያጠና የብረት ርዝራዥ አያገኝም። ከተማዋ በአንድ ጊዜ ትነቃለች። የግል የጥበቃ ኩባንያው ኮምፒውተሮቹን፣ ከድምፅ ላይ ውሸት የሚለዩ መሣሪያዎቹንና የሙቀት ካሜራዎቹን ያሰልፋል፤ አሸባሪ ፍለጋው ይጦፋል።

ከዚያ በኋላ ከደቡብ ብሮንክስ ፍርስራሽ የተለቀመ የአንድ ምስኪን አካል ወደ አስከሬን ክፍሉ ይመጣል። በባለሀብቱ ላይ የተገኘው ፀጉር በዚህኛውም ላይ ይገኛል። ገዳዮቹ ስንት ጊዜ እንደኖሩ፣ ስንት ቤት አልባ፣ ስንት ሱሰኛ፣ ስንት በሽተኛ እንደበሉ የሚያውቅ የለም፤ የቆጠረም የለም። ለእነዚያ ሰዎች አንድም ኮምፒውተር አልተከፈተም፣ አንድም መርማሪ ከእንቅልፉ አልተቀሰቀሰም። ገዳዮቹ የተነቃባቸው ጥርሳቸውን ስሙ በጋዜጣ የሚወጣ ሰው ላይ ሲያሳርፉ ነው።

ኋላ እንደምንሰማው እነዚህ ፍጥረታት ሲታደኑ ከጫካ ወደ ከተማ የገቡ ጥንታዊ ተኩላዎች ናቸው። የሚያድኑትም የሰው መንጋ የተወውን፣ ቢጠፋ ማንም የማይፈልገውን ሰው ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳው ሐሳብ ይኸው ይመስለኛል። ተኩላዎቹ ሊኖሩ የቻሉት ከተማዋ አስቀድማ የጣለቻቸው ሰዎች ስላሉ ነው። የእናንተን ሐሳብ ለመስማት እጓጓለሁ፤ በተለይ ፊልሙን የማትወዱትን።

---

ቀይ ወንበር ጻፈ፦

ከማይወዱት አንዱ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ልጀምር።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን አስፈሪ ፊልም በሐሳብ ብቻ አይቆምም። ወደ ሁለት ሰዓት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ተኩላዎቹን በግልጽ የምናያቸው መጨረሻ አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ የምናየው መርማሪ ፖሊሱ ዱዊ ዊልሰን ሲራመድ፣ ሲበላና ሲያስብ ነው። ዱዊን የሚጫወተው አልበርት ፊኒ ታላቅ ተዋናይ መሆኑን አልክድም፤ አስከሬን ፊት ቆሞ ምግብ ሲያኝክ ሰውየው ስንት ሞት እንዳየ ያለ ቃል ይነግረናል። የአሸባሪዎቹ ንዑስ ታሪክ ግን የትም አይደርስም። ከሥነ ልቦና ባለሙያዋ ከረቤካ ኔፍ ጋር የሚጀምረው ፍቅርም ያለ በቂ ምክንያት መጥቶ ያለ ምክንያት ይቀራል። ፊልሙ በአራት ሰው እጅ የተቆራረጠ ይመስላል።

---

ጨለማ አዳራሽ ጻፈ፦

ወዳጄ ቀይ ወንበር፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ ከእውነቱ እምብዛም አልራቀም። ዳይሬክተሩ ማይክል ዋድሊ በ1970 ስለ ዉድስቶክ የሙዚቃ ድግስ በሠራው ዘጋቢ ፊልም የታወቀ ሰው ነው፤ ያ ሥራ በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ኦስካር አግኝቷል። «ዎልፈን»ን ሲሠራ ግን ከኩባንያው ጋር ተጋጨና ከቅንብሩ ተገለለ፤ ቀሪውን ሌሎች ጨረሱት። በፊልሙ ላይ አራት የምስል አቀናባሪዎች ተመዝግበዋል። ስለዚህ የአሸባሪዎቹ ታሪክ መንጠልጠሉን እኔም አያለሁ። የዋናው ሐሳብ አጥንት ግን አልተሰበረም እላለሁ።

---

የካሜራ ዓይን ጻፈ፦

ተኩላዎቹ አይታዩም የሚለውን ስሞታ ልመልስ፤ ሥራዬ ምስል ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም። ተኩላዎቹ ከመጀመሪያው ጀምረው አሉ። የምናየው በእነርሱ ዓይን ነው።

አንዱን ትዕይንት ቀስ ብላችሁ ተመልከቱት። ካሜራው ከመሬት የሰው ጉልበት በማይሞላ ከፍታ ላይ ይሮጣል። ፍርስራሽ ይዘላል፣ በተሰበረ ግድግዳ ቀዳዳ ይገባል፣ ድንገት ቆም ብሎ ዘወር ይላል። አካሄዱ እንደ ውኃ ልስልስ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ የእጅ ካሜራ አይደለም። ካሜራው በሩጫ ጊዜ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገው መሣሪያ፣ የስቴዲካም ፈጣሪው ጋሬት ብራውን ራሱ በፊልሙ ላይ ሠርቷል። በዚያ ላይ የልዩ ምስል ባለሙያው የሮበርት ብላላክ ቡድን ቀለሙን ገለበጠው፦ ሰማዩ ወደ ሌላ ቀለም ይዞራል፣ ቅጠሉ ያበራል፣ የሰው ገላ ከጀርባው ተለይቶ ይግላል። ይህን ሁሉ የሠሩት በኬሚካልና በኦፕቲካል ማተሚያ ነው፤ ዛሬ በኮምፒውተር በአንድ ከሰዓት የሚያልቀው ሥራ ያኔ ክፈፍ በክፈፍ የሚለፋበት ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ «ፕሬዳተር» በሙቀት እይታው ሲደነቅ፣ ተመልካቹን በአዳኙ ዓይን ውስጥ ያስቀመጠው «ዎልፈን» ተረስቶ ነበር።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ብልሃቱ ራሱ አይደለም። በተኩላው ዓይን ስናይ የባለሀብቱም የቤት አልባውም ገላ አንድ ዓይነት ነው የሚግለው። ልብሱ፣ መኪናው፣ የእጅ ሰዓቱ አይለይም። ጨለማ አዳራሽ ያነሳኸውን ሐሳብ ካሜራው ያለ ንግግር ተናግሮታል። ደረጃ የሚያወጣው የሰው ዓይን ብቻ ነው።

የጄሪ ፊሸር ቀረጻም አይዘለል። የተራ ሰው እይታ በሆኑት ትዕይንቶች ከተማዋ ግራጫና ሰፊ ናት፤ ሰው በስፋቷ ውስጥ ትንሽ ነው። ይህን ፊልም በስልክ መስታወት ላይ ማየት መበደል ነው።

---

ደን ጠባቂ ጻፈ፦

ፊልሙን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ተኩላን በስሙ ሲጠራ ስለሰማሁ ስለ እንስሳው ጥቂት ልናገር፤ በዚህ ምድር ላይ ያለ ጥፋቱ ብዙ የተሰደበ ፍጥረት ነው።

ተኩላ ሙቀትን በዓይኑ አያይም። ዓይኑ በዋናነት ሰማያዊና ቢጫ ይለያል፤ ቀይና አረንጓዴን ለይቶ ለማየት ይቸገራል። በምትኩ ከሬቲናው ኋላ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ንጣፍ ስላለው በጭላንጭል ብርሃን ከእኛ እጅግ አብልጦ ያያል። በሌሊት የመኪና መብራት ሲያርፍበት ዓይኑ የሚያበራውም ከዚህ የተነሳ ነው። በ2020 የወጣ ጥናት ደግሞ የቤት ውሻ በቀዝቃዛው የአፍንጫው ጫፍ ደካማ ሙቀትን ከርቀት ሊለይ እንደሚችል አሳይቷል። ውሻ የተኩላ ዘር ነውና የፊልም ሠሪዎቹ ግምት በዓይኑ ባይሆን እንኳ በአፍንጫው በኩል ወደ እውነት ተጠግቷል።

አገዳደሉን በተመለከተ፦ ተኩላ በአንድ ንክሻ እጅ ወይም ራስ አይቆርጥም። የሚያድነውን አሯሩጦ፣ አድክሞ፣ ከኋላና ከጉሮሮ ይዞ ነው የሚጥለው፤ ብዙ ጊዜም ሳይሳካለት ይቀራል። ጤነኛ ተኩላ ሰውን ማጥቃቱ እጅግ ብርቅ ነው። መንጋ የምንለውም አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ናቸው። ቤተሰብ ነው።

የተጨፈጨፉበት ታሪክ ግን ልብ ወለድ አይደለም። በኒውዮርክ ግዛት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለተኩላ ራስ ገንዘብ እየተከፈለ ዘሩ ጠፋ። በየሎውስቶን የመጨረሻዎቹ በ1926 ተገደሉ፤ ባዶው ቦታ የተሞላው በ1995 እና በ1996 ከካናዳ 31 ተኩላዎች ሲመጡ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ይህ ገና አልሆነም ነበር። እነዚህ ተኩላዎች የሰውን ልጅ የሚጠሉበት ምክንያት አላቸው ብሎ በ1981 በትልቅ የሆሊውድ ፊልም መናገር ድፍረት ነው፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ በብሮንክስ መናፈሻዎች ውስጥ ኮዮቴ የተባለው የተኩላ ዘመድ ይኖራል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ገብቷል። ሰው ሳይበላ፣ አይጥና ፍርፋሪ እየለቀመ፣ አብዛኛው ነዋሪ ሳያየው ያድራል።

---

ድምፅ አዳኝ ጻፈ፦

ስለ ምስሉ ይህን ያህል ተብሎ ስለ ድምፁ ዝም ሊባል አይገባም። በተኩላው እይታ ውስጥ ስንገባ የዓለም ድምፅ ይቀየራል። ሩቅ ያለ ሹክሹክታ ጆሮ ሥር ይሰማል፣ የልብ ትርታ ይመታል፣ ብረት ሲነካ ይጮኻል። ረቤካ በፈረሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሕፃን ለቅሶ ሰምታ ወደ ላይ የምትወጣበትን ቦታ አስታውሱ። ዱዊ ደግሞ የተኩላ ጩኸት ሰምቶ በድንጋጤ ጎትቶ ያወጣታል። በደም ካጨቀዩት ትዕይንቶች ሁሉ ይልቅ ያ ለቅሶ ነው ያስፈራኝ፤ የሚጠራት ርኅራኄዋ ነውና።

ሙዚቃው የጄምስ ሆርነር ነው። አስቀድሞ ክሬግ ሳፋን የሠራው ሙዚቃ ተጥሎ እርሱ በጥድፊያ ተተካ። ያኔ ገና ወጣት ነበር፤ ነሐስ መሣሪያዎቹን እንዴት ዝቅ አድርጎ እንዳጉረመረማቸው ስሙ።

---

የከተማ ማኅደር ጻፈ፦

ብዙዎች ያ ፍርስራሽ ለፊልሙ የተሠራ ይመስላቸዋል። አብዛኛው እውነተኛ ደቡብ ብሮንክስ ነው፤ ስለዚህ ታሪኩን መናገር ግድ ይለኛል።

ከ1948 ጀምሮ በከተማዋ ግንባታ ላይ ትልቅ ሥልጣን በነበረው ባለሥልጣን በሮበርት ሞዝስ ዕቅድ መሠረት የክሮስ ብሮንክስ ፈጣን መንገድ በሰፈሮች መካከል ተሰንጥቆ አለፈ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተነቀሉ። አቅም ያለው ሸሸ፣ የቤት ዋጋ ወደቀ፣ ባንኮችም ለአካባቢው ብድር መስጠት ተዉ። አንዳንድ አከራዮች ቤታቸውን ከማደስ ይልቅ አቃጥሎ የኢንሹራንስ ገንዘብ መውሰድ እንደሚያዋጣ ደረሱበት። በ1975 ደግሞ ከተማዋ ለኪሳራ አፋፍ ላይ ደረሰች። ከ1970 እስከ 1980 ባለው ጊዜ በብሮንክስ ሰባት የሕዝብ ቆጠራ ቀጠናዎች ከ97 በመቶ በላይ ሕንፃዎቻቸውን በእሳትና በመተው አጡ። አርባ አራት ቀጠናዎች ከግማሽ በላይ አጡ። ጦርነት ያላለፈበት ከተማ ነው ይህ።

አሁን የጨለማ አዳራሽን ሐሳብ የሚያጠነክረውን ልንገራችሁ። በእነዚያ ዓመታት መጀመሪያ ከተማዋ ወጪ ለመቀነስ የእሳት አደጋ ጣቢያዎችን ስትዘጋ፣ የትኞቹ ይዘጉ የሚለውን ለመወሰን የረዳት ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም ያዘጋጀው የኮምፒውተር ቀመር ነበር። እሳት የበዛባቸው ድሃ ሰፈሮች ጣቢያ አጡ። ፊልሙ ውስጥ ያንን የሚያብለጨልጭ የጥበቃ ኩባንያ ክፍል፣ ሁሉን አያለሁ የሚለውን ማሽን ባየሁ ቁጥር የሚታወሰኝ ይህ ነው። ማሽኑ የሚያየው እንዲያይ የታዘዘውን ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ይህን ሆን ብለው አገናኝተውት ይሁን አይሁን ለእኔ ለውጥ የለውም፤ ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ቆመዋል።

ፕሬዚዳንት ካርተር በጥቅምት 1977 ወደ ሻርሎት መንገድ መጥተው በፍርስራሹ መካከል ቆሙ፤ ፎቶግራፋቸው ዓለምን ዞረ። በ1980 ሬገን በምርጫ ዘመቻ ወደዚያው መጡ። በዚያው አካባቢ ነው የ«ዎልፈን» ካሜራ የተተከለው። የቫን ደር ቪርን የመሠረት ድንጋይ ሥነ ሥርዓት በዚህ ዓይን ተመልከቱት፤ ሪባን፣ ንጹሕ ልብስ፣ ፈገግታ፣ ከኋላ ደግሞ መስኮት የሌላቸው ሕንፃዎች። የሚኖርበትን ሰው ማንም አልጠየቀውም።

---

ጥያቄ አለኝ ጻፈ፦

ቤተ ክርስቲያኑስ? ቦታው ዛሬ አለ ወይ? ሄጄ ባየው ደስ ይለኛል።

---

የከተማ ማኅደር ጻፈ፦

የለም ወዳጄ። በዙሪያው ያለው ፍርስራሽ እውነተኛ ሲሆን ቤተ ክርስቲያኑ ግን ለፊልሙ የተሠራ ነበር፤ ቀረጻው ሲያልቅ ፈረሰ። በሻርሎት መንገድ አካባቢ በ1980ዎቹ አጥርና ጓሮ ያላቸው ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ተሠሩ፤ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። የቫን ደር ቪር ሞዴል ላይ የነበሩት ዓይነት ማማዎች አልመጡም። የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው ተደራጅተው ያተረፉት ብዙ ነገር አለ፤ ይህን ፊልሙ አላሳየም። በፊልሙ ብሮንክስ ውስጥ ሥራ የሚሄድ፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ቤቱን የሚያድን ሰው የለም። ይህ ቅሬታዬ ነው።

---

አንባቢዋ ጻፈች፦

መጽሐፉን ላነሳ መጥቻለሁ። የዊትሊ ስትሪበር የመጀመሪያ ልብ ወለድ ሲሆን በ1978 ታትሟል። እዚያ የሚጀምረው በባለሀብት ሞት አይደለም። በብሩክሊን በአሮጌ መኪኖች መጣያ ግቢ ሁለት ፖሊሶች ይገደላሉ። ረቤካ ኔፍም መርማሪ ፖሊስ ናት፤ ከእርጅና አፋፍ ከደረሰ አጋሯ ጋር አለቆቿ የማያምኗትን ነገር ታሳድዳለች። ፊልሙ ከዋና ባለታሪክነት አውርዶ የዱዊ ተከታይ አደረጋት። ይህ ለእኔ ትልቅ ኪሳራ ነው። ዳያን ቬኖራ ብርቱ ተዋናይት ናት፤ የሰጧት ሚና ግን ቆሞ ማድመጥ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ፍጥረታቱ እንደ ሰው የሚያስቡ፣ የራሳቸው ሥርዓትና ሐዘን ያላቸው ሌላ ዘር ናቸው፤ በእነርሱ አእምሮ የተጻፉ ክፍሎች አሉ። አንድ ሽማግሌ መንጋውን ለአደጋ ስለዳረገ ክብሩን ሲያጣ ታነባላችሁ። የካሜራ ዓይን የጻፉትን ሳነብ ፊልሙ ያንን የውስጥ ሐሳብ በምስል ለመተካት መሞከሩ ገባኝ። ሰውን ከውጭ ማየት ግን ከመጽሐፉ የተሰማኝን ሐዘን አይተካም።

---

ብረት ሠሪ ጻፈ፦

እስካሁን በዝርዝር ያልተነሳው ኤዲ ሆልት ነው፤ ኤድዋርድ ጄምስ ኦልሞስ የተጫወተው የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ተወላጅ። የቀደምት ሕዝቦችን ጉዳይ ያመጣው ፊልሙ ነው፤ ለእኔ ብርታቱም ድክመቱም እዚህ ላይ ነው።

ብርታቱን ልንገራችሁ። ዱዊ ኤዲን ለማነጋገር ማንሃታን ድልድይ አናት ላይ ይወጣል። ነፋሱ ኮቱን ይገፋል፣ ከሥር ወንዙ እንደ ቆርቆሮ ያበራል። ፊኒ ብረቱን ሙጭጭ ብሎ ይዟል፤ ኦልሞስ ግን መሬት ላይ እንዳለ ሰው ዘና ብሎ ይንቀሳቀሳል። ይህ ከአየር የመጣ አይደለም። በሞንትሪያል አቅራቢያ ካለችው ካህናዋኬ የመጡ፣ ከቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ሞሃውኮች ከ1886 ጀምሮ በድልድይ ብረት ሥራ ገቡ። በ1907 የኩቤክ ድልድይ በግንባታ ላይ ሳለ ሲወድቅ ከሞቱት 75 ሠራተኞች 33ቱ ከዚያች አንዲት መንደር ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ሥራውን አልተዉትም። ወደ ኒውዮርክ መጥተው በኢምፓየር ስቴት ሕንፃና በዓለም የንግድ ማዕከል ላይ ብረት አያያዙ፣ ብሩክሊን ውስጥ ሰፈር መሠረቱ። ከተማዋን በእጃቸው ሰቅለው ያቆሙ ሰዎች በከተማዋ ውስጥ እንግዳ ተደርገው መታየታቸውን ያ ትዕይንት በትከሻና በእግር አቋም ብቻ ያሳያል።

ድክመቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ኤዲ ራቁቱን በሌሊት በውኃ ዳር እየሮጠ እንደ አውሬ ሲያጓራ፣ ገዳዩ እርሱ ይሆን ብለን እንድንጠረጥር ተፈልጓል። በኋላም በቡና ቤቱ ውስጥ የቀደምት ሕዝቦች ሥራ የተኩላዎቹን ምስጢር ለነጩ መርማሪ ማስረዳት ብቻ ይሆናል። የመብት ትግል ያለው፣ ፖሊስ በየጊዜው የሚያንገላታው ሰው ተብሎ የተዋወቀን ባለታሪክ የምስጢር ተርጓሚ አድርጎ መተው ያሳዝናል። ሕዝቡንና ተኩላውን በአንድ ዕጣ ማሰር ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፤ የተኩላ ዘር ከኒውዮርክ ጠፍቷል፣ ሞሃውኮች ግን አልጠፉም። እዚያው ናቸው፣ አሁንም ብረት ላይ ይወጣሉ። ኦልሞስም ትውልዱ ሜክሲኳዊ አሜሪካዊ ነው፤ ችሎታውን ባደንቅም ሚናው ለማን ሊሰጥ ይገባው እንደነበር መጠየቅ ያለበት ነው።

---

ጨለማ አዳራሽ ጻፈ፦

ብረት ሠሪ፣ ስለ ድልድዩ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። እጅዎ ይባረክ። ስለ ድክመቱ የተናገሩትን አልከራከርም፤ ስለ ፍጻሜው ግን አንድ ነገር ላንሳ።

አለቃው ዋረን ዎል ስትሪት ላይ ከተገደለ በኋላ ዱዊና ረቤካ በባለሀብቱ ሰገነት ላይ በመንጋው ይከበባሉ። በነጩ መሪ ተኩላ ፊት ዱዊ ሽጉጡን ወደ ጎን አድርጎ ያን የሚያምር የብሮንክስ ግንባታ ሞዴል ይሰባብረዋል። ተኩላዎቹም ይሄዳሉ። ፖሊሶች ሰብረው ሲገቡ ግን ዱዊ «አሸባሪዎች ናቸው» ብሎ ይዋሻል። ብዙዎች ይህን እንደ ሰላም ስምምነት ያዩታል። እኔ ዘግናኝ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ዱዊ የፈረመው ተኩላዎቹ በብሮንክስ እንዲቀጥሉ ነው። ይህ ማለት የተጣሉት ሰዎች መበላታቸው ይቀጥላል ማለት ነው። ልበ ቅን መርማሪያችን ባለሀብቱን ሊበቀል ያልፈለገው ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ስለ ድሆቹ የጠየቀ ማንም የለም፤ እርሱም አልጠየቀም።

---

ቀይ ወንበር ጻፈ፦

ታዲያ ፊልሙ ይህን ያውቃል ብለህ ታምናለህ? እኔ አላምንም። ከንግግሩ ቃና ፊልሙ ከተኩላዎቹ ወገን ቆሟል። ጠቢባን፣ ክቡራን፣ የምድር ባለቤቶች አድርጎ አቅርቧቸዋል። የሚበሉትን ሰዎች ግን ስም እንኳ አልሰጣቸውም። አንተ ከተማዋን በምትከስበት ክስ ፊልሙም ሊከሰስ ይገባዋል።

---

ጨለማ አዳራሽ ጻፈ፦

ይህ በዚህ ክር ላይ ከቀረበው ሁሉ ከባዱ ነው። በፍርስራሹ ውስጥ የሚገደለው ሱሰኛ ስም እንደሌለው እውነት ነው። መልሴ ግማሽ መልስ ነው፦ ፊልሙ ዊቲንግተንን ሰጥቶናል። በግሪጎሪ ሃይንስ የተጫወተው የአስከሬን መርማሪ ሳቂታ ነው፣ ዘፋኝ ነው፣ ሙታንን በክብር የሚያነብ ብቸኛው ሰው ነው። በድሃውና በባለሀብቱ ላይ የተገኘውን ፀጉር በአንድ ማጉያ መነጽር ሥር ያኖረው እርሱ ነው። እርሱ ሲሞት የሚሰማን ሕመም ስለ ሁሉም ነው ብዬ አምናለሁ።

---

አዲስ ተመልካች ጻፈ፦

አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት እህቴ ጋር ማየት እችላለሁ?

---

የካሜራ ዓይን ጻፈ፦

አይመከርም። የተቆረጠ እጅ፣ የተቆረጠ ራስ፣ በአስከሬን ክፍል ረጅም ትዕይንትና እርቃን አለው። መጀመሪያ ብቻህን እየው፤ ከዚያ ወስን።

---

ደን ጠባቂ ጻፈ፦

እሷም ከዚያ በፊት ስለ እውነተኛው ተኩላ አንድ ጥሩ ዘጋቢ ፊልም ብታይ ደስ ይለኛል፤ የመጀመሪያ ትውውቋ በዚህ እንዳይሆን።

---

ቀይ ወንበር ጻፈ፦

ስለ ዊቲንግተን የጻፍከውን ካነበብኩ በኋላ ያን ክፍል እንደገና አየሁት። ሁለቱ ሰዎች በሌሊት ለጥበቃ በየሕንፃቸው ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ እየተቀላለዱ በመሣሪያው ይነጋገራሉ። ሃይንስ ጨለማውን በቀልድ ለማባረር ሲሞክር ድምፁ ውስጥ ፍርሃቱ ይሰማል። ድምፅ አዳኝ እንዳሉት ጆሮዬን ሰጥቼ ነበር የተመለከትኩት፤ ከወትሮው የበለጠ አስፈራኝ።

በክርክሩ ግን አልተሸነፍኩም። ዊቲንግተን የተማረ፣ ደመወዝ ያለው፣ ጓደኛ ያለው ሰው ነው። ዱዊ የሚጮኸው ለእርሱ ነው። ስም የሌለው ሱሰኛ ሲሞት የጮኸ የለም፤ ካሜራውም ቶሎ ወደ ሌላ ትዕይንት አለፈ። ሌላ ሰው ይህን ፊልም ዳግም የሚሠራው ከሆነ ያን ሰው ስም ይስጠው፣ ከመሞቱ በፊትም ማን ይጠብቀው እንደነበር ያሳየን። እስከዚያ ድረስ «ዎልፈን» ለእኔ የታላቅ ፊልም ግማሽ ነው።

---

አንባቢዋ ጻፈች፦

ቀይ ወንበር፣ መጽሐፉን ያንብቡት። አንድ ዓይነ ስውር የብሮንክስ ሱሰኛ ይኑር አይኑር ብዬ አሁን አላውራ፤ የጎደለዎት ግማሽ እዚያ ውስጥ ይኖር እንደሆነ አንብበው ሲጨርሱ እዚሁ ይንገሩን።